ሆስተሷ ስትጮህ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 አመሻሽ ላይ፣ ከሳፖሮ የተነሣው የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ቶኪዮ ሃኔዳ ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ትልቁ 379 ሰዎች ጭኖ ነበር፤ አንድም ሰው ሳይሞት ሁሉም ወጡ። ዋና አብራሪው ካቢኑን ፈትሾ በመጨረሻ ሲወርድ አውሮፕላኑ መሬት ከነካ 18 ደቂቃ ያህል ሆኖታል። ከዚያ በኋላ እሳቱ የቀረውን በላው።

ብዙ ጋዜጦች ነገሩን «ተአምር» ብለው ጻፉት። ካቢኑ ውስጥ የሆነው ግን ተለማምደው የሠሩት ሥራ ነው። የድምፅ ማጉያው አልሠራም፣ አስተናጋጆቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ስልክም ጠፍቷል፣ ጭሱ እየወፈረ ነው። ከ8ቱ በሮች ለመውጫ የዋሉት 3 ብቻ ናቸው። አስተናጋጆቹ በሜጋፎንና በገዛ ጉሮሯቸው እየጮኹ ሕዝቡን መሩት። ከኋላ የነበሩት ከአብራሪው ክፍል የሚመጣ ትእዛዝ ሊሰሙ ስላልቻሉ የግራውን የኋላ በር በራሳቸው ውሳኔ ከፈቱ። መንገደኞቹ በአመዛኙ ሻንጣቸውን ትተው ወጡ።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ብዙ ጊዜ በግማሹ ብቻ ይነገራል። አስተናጋጆቹ መጮህ ያውቁ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የጃፓን አየር መንገድ ከበረራ በፊት በሚያሳየው ቪዲዮ ሻንጣ ይዞ መውጣት የሚያስከትለውን ችግር በሥዕል ያሳያል። ጩኸቱ የመጣው አስቀድሞ በተነገረው ሰው ጆሮ ላይ ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች የሚጮኸውን ያሠለጥናሉ፤ የሚጮህበትን ግን አያዘጋጁትም። የዚህ አምድ ክርክርም እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ የሚጮኸው ሰው ምን ይሠራል? አውሮፕላኑ ሊነሣ ወይም ሊያርፍ ሲል ሆስተሷ በሩ አጠገብ በምትታጠፈው ወንበሯ ላይ ቀበቶዋን አጥብቃ ትቀመጣለች። ብዙ ጊዜ እጆቿን መዳፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ጭኖቿ ሥር ታደርጋለች፤ ድንገት ግጭት ቢመጣ እንዳይወናጨፉ ነው። መንገደኛው ደክሟት ዝም ያለች ይመስለዋል። እሷ ግን በልቧ እየደገመች ነው፦ በሩ በየት በኩል ይከፈታል? ከውጭ እሳት ቢኖርስ? ሊረዳ የሚችል ጠንካራ ሰው የትኛው ወንበር ላይ አለ? የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው? ትእዛዙ ሲመጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። እሳት ካለ በሩን አትከፍትም፤ «መውጫው ተዘግቷል፣ በዚያ በኩል!» ብላ ትመልሳለች። ደህና ከሆነ ትከፍታለች፣ መንሸራተቻው በሰከንዶች ውስጥ ይነፋል፣ እሷም ሰዉ ገፍቶ እንዳይጥላት በአንድ እጇ መያዣውን ጨብጣ በሌላው እያመለከተች መጮህ ትጀምራለች። ቀበቶ ፍቱ! ዕቃ ተዉ! በዚህ ውጡ! ዝለሉ! ከደቂቃዎች በፊት ሻይ ወይስ ቡና ስትል የነበረችበት «እባክዎ» አሁን የለም።

ይህ ቁጣ በጥናት የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1985 በማንችስተር ለመነሣት ያኮበኮበ ቦይንግ 737 ሞተሩ ፈንድቶ ተቃጠለ፤ ከተሳፈሩት 137 ሰዎች 55ቱ ሞቱ፣ አብዛኞቹም በጭስ ታፍነው ነው። ከአደጋው በኋላ በእንግሊዝ የክራንፊልድ ተመራማሪዋ ሄለን ሙይር ሰዎችን በአሮጌ አውሮፕላን ውስጥ አስቀምጠው ቀድሞ ለሚወጣው ግማሽ 5 ፓውንድ እንደሚከፈለው ተናገሩ። ለ5 ፓውንድ ሲሉ ሰዎች ወንበር ተሻገሩ፣ በሩ ላይ ተጣበቁ። በኋላ በተደረገ ሙከራ ደግሞ በቆራጥነት የሚጮሁ አስተናጋጆች፣ በለዘብታ የሚናገሩ አስተናጋጆችና ያለ አስተናጋጅ የሚወጡ ሰዎች ተነጻጸሩ። ቆራጦቹ ባሉበት ሰው ፈጥኖ ወጣ። ለዘብተኞቹ ግን ከሌሉት እምብዛም አልተለዩም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በድንጋጤ ጊዜ ሁሉም ሰው አይሮጥም፤ ብዙው ፈዞ ይቀራል፣ ወይም እጁ የለመደውን ይሠራል። አውሮፕላን ሲቆም እጅ የለመደው ደግሞ ቀበቶ ፈትቶ መነሣት፣ ከራስ በላይ ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ ከፍቶ ሻንጣ ማውረድ ነው።

ሕጉ አንድ አውሮፕላን ፈቃድ እንዲያገኝ ግማሹ በሮች ብቻ ተከፍተው ሁሉም ሰው በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንዲችል ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ሐምቡርግ ላይ በኤርባስ ኤ380 በተደረገው ሙከራ 873 ሰዎች በጨለማ በ78 ሰከንድ ወጡ። አስደናቂ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ለሙከራ የመጡ ናቸው፤ ላይ ያስቀመጡት ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ላፕቶፕ አልነበራቸውም።

እውነተኛውን ሁኔታ ዱባይ አሳየች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2016 ከሕንድ ቲሩቫናንታፑራም የመጣ የኤምሬትስ ቦይንግ 777 በሆዱ ተንሸራትቶ ሲቆም 300 ሰዎች ነበሩበት። በስልክ በተቀረጸው ቪዲዮ ሰዎች ዕቃ ማስቀመጫውን ሲበረብሩ ይታያል፤ አስተናጋጆቹ ሻንጣ ተዉ እያሉ ሲጮሁም ይሰማል። ሁሉም ተረፉ። አውሮፕላኑ ከቆመ 10 ደቂቃ ሳይሞላው ግን የነዳጅ ታንኩ ፈንድቶ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገደለ። ጁላይ 2025 በዴንቨር ደግሞ ከሚያጨስ ቦይንግ 737 ማክስ አንድ ሰው ሕፃንና ሻንጣ ይዞ ሲወርድ መንሸራተቻው ጫፍ ላይ ሲወድቅ ዓለም በቪዲዮ አየው። ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ከአውሮፕላን በአስቸኳይ ከወጡና ጥያቄ ከቀረበላቸው መንገደኞች ግማሽ ያህሉ ሻንጣ ለመያዝ ሞክረው ነበር።

እንዲህ ያሉ ሰዎችን ስግብግብ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ቅጣት ይጣልባቸው የሚሉ አሉ፤ ዕቃ ማስቀመጫዎቹ በማረፊያ ሰዓት በቁልፍ ይዘጉ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሊያከራክሩ ይችላሉ። ነገር ግን በጭስ መሐል የገንዘብ ቅጣት የሚያሰላ ሰው የለም፤ የተቆለፈ ክዳን ለመክፈት እየታገለ መተላለፊያውን የሚዘጋ ግን ሊኖር ይችላል። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ሰዉ ወደ ሻንጣው ለምን እንደሚመለስ ነው። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ሁለት ዓመት ሠርታ የምትመለስ እህት የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ፓስፖርቷ፣ ያጠራቀመችው ገንዘብ፣ የቤተሰቦቿ ስልክ ቁጥር ያለበት ሞባይሏ ሊኖር ይችላል። ለእሷ «ተይው» ማለት የሁለት ዓመት ላብሽን ተይ ማለት ነው። መፍትሔው በአደጋው ሰዓት የሚመጣ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ሳይነሣ ፓስፖርትና ገንዘቡን አንገት ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ወይም በኪስ እንድትይዝ መንገር ነው። ይህን የሚናገር አየር መንገድ እምብዛም የለም።

ኢትዮጵያውያን የቃልን ዋጋ ከማንም በላይ የሚያውቁበት ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ተጠልፎ ነዳጁ ያለቀበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ ከጠላፊዎች ጋር እየታገሉ አውሮፕላኑን ወደ ባሕር ዳርቻ ማድረስ ባይችሉ ኖሮ 50 ሰው እንኳ ባልተረፈ። ከ175ቱ 125 ሞቱ። ከሞቱት መካከል አውሮፕላኑ ሳይወድቅ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን የነፉ ነበሩ፤ ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ ያዛቸው፣ ጠልቀው በር ላይ መድረስ አልቻሉም። «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየበረራው ይነገራል። ሰዉ ግን ያን ጊዜ ስልኩን እየነካካ ወይም እያንቀላፋ ነው፤ ለምን እንደማይነፋ የሚነግረውም የለም። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው በፍርሃት ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ገመዱን መሳብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሁለት የሚሠሩ ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የአየር መንገዶች ነው። ከበረራ በፊት የሚደረገው ገለጻ በሮቹን ከማሳየት አልፎ «በአደጋ ጊዜ እንዲህ እንጮሃለን» ብሎ ትእዛዞቹን በእውነተኛው ድምፅ ቢያሰማ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። መንገደኛው ያንን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በጭስ ውስጥ ሊሆን አይገባም። አዲስ አበባን ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች ጋር የሚያገናኙ የውጭ አየር መንገዶችም አራቱን ትእዛዞች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ቢቀርጹ፣ አስተናጋጆቻቸውም በእነዚህ ቋንቋዎች መጮህ ቢለማመዱ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። እንግሊዝኛም ዐረብኛም በቅጡ የማትሰማ ወጣት በመጀመሪያ በረራዋ ላይ ከፊቷ ያለውን ሰው ብቻ ነው የምትከተለው፤ እሱ ሻንጣ ካወረደ እሷም ታወርዳለች።

ሁለተኛው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ለውጭ አገር ሥራ የሚሄዱ ዜጎች ከጉዞ በፊት ሥልጠና ይወስዳሉ። በዚያ ሥልጠና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ለአውሮፕላኑ ይሰጥ፦ ቀበቶ በራስ እጅ ማሰርና መፍታት፣ ጃኬቱን ለብሶ ሳይነፉ መነሣት፣ ፓስፖርትን ከሰውነት ጋር ማኖር፣ ሻንጣን ትቶ በተጠቆመው በር በኩል መውጣት። አሠልጣኙም ትእዛዙን በለሆሳስ አይናገር፤ ይጩህ፣ ሠልጣኞቹም ጩኸቱን ሰምተው ይነሡ፣ ይራመዱ፣ ይዝለሉ። ጥቂት ወንበሮችና አንድ ጠባብ መተላለፊያ ለዚህ ይበቃሉ።