ባዶ ሣጥንና የሌለ ሣጥን

በአንድ የቤተሰብ ጥናት «አድራሻ የላቸውም» ተብለው የተቆጠሩ ሰዎች በእርግጥ መኖሪያ ያጡ ናቸው ወይስ የሚኖሩበትን መናገር ያልፈለጉ? መልሱን አንዳንድ ጊዜ የሚወስነው የመስክ ሠራተኛው ሳይሆን ዳታቤዙ «ነል» የተባለውን የእሴት አለመኖር ምልክት የሚተረጉምበት ደንብ ነው።

ችግሩ የሚጎላው ብዙ መስኮችን አጣምሮ በሚይዝ እሴት ላይ ነው። ክልል፣ ወረዳና ቀበሌን በአንድነት የሚይዝ «አድራሻ» የተሰኘ ዓምድ አለ እንበል። ከ100 ተጠያቂዎች 60ዎቹ ሦስቱንም መስኮች ሞልተዋል፤ 20ዎቹ ክልላቸውን ብቻ ተናግረዋል። 12ቱ አድራሻ እንዳላቸው ገልጸው ዝርዝሩን ስለከለከሉ ሦስቱም መስኮች ነል ሆነዋል። 8ቱ ግን ቋሚ አድራሻ ስለሌላቸው ዓምዱ ራሱ ነል ነው።

ፖስትግሬስ የኤስኪውኤልን መስፈርት ተከትሎ «አድራሻው ነል ነውን?» ለሚለው ጥያቄ 20 ሰዎችን ያወጣል፤ ዝርዝሩን የከለከሉትና አድራሻ የሌላቸው ተቀላቅለዋል። «ነል ያልሆነስ?» ሲባል 60 ብቻ ይመልሳል፤ ክልላቸውን የተናገሩት 20 ሰዎች ከሁለቱም መልሶች ወጥተዋል። የመቁጠሪያው ተግባር ደግሞ 92 ይላል፤ እርሱ የሚያየው ሣጥኑን እንጂ ይዘቱን አይደለምና። ከአንድ ሠንጠረዥ ሦስት የማይታረቁ ዘገባዎች ይወጣሉ።

ለመስፈርቱ የሚቀርበው መከራከሪያ ምንም ያልያዘ ሣጥን ከሌለ ሣጥን የበለጠ አይናገርም የሚል ነው። ለኢኮኖሚ ጥናት ግን ዝምታም መረጃ ነው፤ መልስ የሚከለክሉት ሰዎች ከሚመልሱት የተለዩ ከሆኑ ግምቱ ሁሉ ይዛባል። የሪሌሽናል ሞዴል አባት ኤድጋር ኮድ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ «ያልታወቀ» እና «የማይመለከተው» በሁለት ምልክቶች እንዲለዩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኤስኪውኤል ግን በአንድ ነል ቀረ።

ስለዚህ «ነል ነውን?» የሚለው ጥያቄ ሣጥኑን ብቻ ሊመለከት፣ የይዘቱም ባዶነት በራሱ ስም ሊጠየቅ ይገባል። ደንቡ እስኪለወጥ ድረስ ተንታኞች ሣጥኑን ብቻ የሚፈትነውን «ከነል የተለየ ነውን?» የሚለውን ንጽጽር ቢጠቀሙ፣ የጥናት አዘጋጆችም መልሱ የጎደለበትን ምክንያት በተለየ ዓምድ ቢመዘግቡ ይበጃል።

ስምንቱ ሰዎች መጠለያ ያስፈልጋቸዋል፤ አሥራ ሁለቱ ደግሞ መረጃቸውን ለመስጠት የሚያበቃ አመኔታ። በጀት ደልዳዩ ፊት የሚቀርበው «20» የሚል ነጠላ አሃዝ ግን ሁለቱንም ይሰውራቸዋል።