አንቶኒዮን ማን ይሟገትለት?

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1997 ያወጣውን «አሚስታድ» ሰሞኑን ደግሜ አየሁት (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሲጀምር ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቤኒን የተወለደው ጂሞን ሁንሱ ሲንኬን ሆኖ፣ ጣቱ እየደማ ከእንጨት ውስጥ ሚስማር ይነቅላል። ስፒልበርግ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲያወራ የዚያችን ሚስማር ያህል አልተናገረም ባይ ነኝ።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1839 ከሐቫና የተነሳችው «አሚስታድ» 53 አፍሪካውያን ጭናለች፤ አራቱ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ከዛሬዋ ሴራሊዮን የተያዙ የሜንዴ ሰዎች ነበሩ። በሲንኬ መሪነት ባሕር ላይ አመፁ፤ ካፒቴኑንና ምግብ አብሳዩን ገደሉ። «ወደ አገራችን መልሱን» ቢሏቸው፣ በሕይወት የተረፉት ሁለት ስፔናውያን ቀን ወደ ምሥራቅ፣ ሌሊት ወደ ሰሜን እየመሩ አታለሏቸው። መጨረሻቸው የአሜሪካ ባሕር ኃይል እጅና የኮነቲከት እስር ቤት ሆነ።

ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። በፊልሙ ጠበቃው ሮጀር ባልድዊንና ሞርጋን ፍሪማን የሚጫወተው ሰው ወደብ ለወደብ እየዞሩ በሜንዴ ይቆጥራሉ። የፍሪማን ገፀ ባሕርይ ግን ፈጠራ ነው። በእውነቱ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ተምሮ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ጮክ ብሎ ሲቆጥር የነበረው የየል ምሁሩ ጆሳያ ጊብስ ነው። ጀምስ ኮቪ የሚባል መርከበኛ ሰምቶት አስተርጓሚ ሆነላቸው። ኮቪ ራሱ ለባርነት ተሽጦ እንግሊዞች ያስጣሉት ልጅ ነበር። ስለ ኮቪ ብቻ ሌላ ፊልም ቢሠራ ለማየት እሰለፋለሁ።

ወደ ፍርዱ ልምጣ። ተመልካቹ ባርነት የተከሰሰ፣ ባርነት የተረታ ይመስለዋል፤ እኔም ሙዚቃው ከፍ ሲል ትንሽ ፈዝዤ ነበር። ፍርድ ቤቱ የመረመረው ግን ሌላ ነገር ነው። ስፔን ከአፍሪካ አዲስ ሰው እያመጡ መሸጥን በውል ከልክላለች፤ ኩባ ውስጥ ባሪያ መያዝ ግን ሕጋዊ ነበር። ስለዚህ የገዟቸው ሁለቱ ስፔናውያን ለአፍሪካውያኑ የስፔን ስም አውጥተው፣ ቀድሞም ኩባ የኖሩ ባሪያዎች የሚያስመስል ወረቀት አሠሩ። ሙግቱ በወረቀቱ ላይ ነበር። ማርች 9 ቀን 1841 ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አነበበ፤ ወረቀቱ ሐሰት ስለሆነ ሰዎቹ ነፃ ናቸው።

ወረቀቱ እውነት ቢሆንስ ኖሮ? መልሱ አንቶኒዮ ነው። አንቶኒዮ የተገደለው ካፒቴን ባሪያ የነበረ ልጅ ነው፤ በዚያችው መርከብ ተሳፍሮ በዚያው ባሕር ኃይል ተይዟል። ኩባ ውስጥ በሕግ የተያዘ ባሪያ ነው ተብሎ ግን ለሟቹ ወራሾች እንዲመለስ ተፈረደበት። ውሳኔው እስከ መጨረሻው ጸና። ሲንኬን ነፃ ያወጣው ሕግ አንቶኒዮን እንደ ዕቃ ይመለስ አለ፤ ምንም እርስ በርስ ሳይጋጭ!

ነፃ የተባሉትም ቢሆኑ መሳፈሪያ የሚከፍልላቸው መንግሥት አላገኙም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ እየቆሙ፣ እየዘመሩና መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ ገንዘብ አሰባሰቡ። ባሕርና እስር ቤት ከበሉት የተረፉት 35 ሰዎች አገራቸው የገቡት በ1842 ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ በ73 ዓመቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ እነርሱ በሁለት ቀን ከፋፍሎ ከስምንት ሰዓት በላይ መከራከሩ እውነት ነው፤ አንቶኒ ሆፕኪንስም ሲጫወተው ግሩም ነው። ይሁንና ያንን ችሎት የመሩት ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ፣ ከ16 ዓመት በኋላ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብለው የፈረዱት ናቸው። ሰውየው አልተለወጡም፤ የቀረበላቸው ወረቀት ነው የተለየው።

ለዚህ ይመስለኛል የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ1993 ያወጣው «ሳንኮፋ» የበለጠ የሚይዘኝ። የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት ኃይሌ አዳራሽ እየተከራየ ራሱ ነው ያሳየው። እዚያ ፊልም ውስጥ እንባችንን የሚያብስልን ጠበቃ የለም። ነፃነት የሚፈለገው በሌሊት ሹክሹክታ፣ በገጀራ፣ ወደ ኮረብታው በሚያመልጡ ሰዎች እግር ነው።

የአንቶኒዮም መውጫ ሌላ አልነበረም። ወደ ኩባ ከመላኩ በፊት የባርነት ተቃዋሚዎች በድብቅ አሸሽተው ሞንትሪያል አደረሱት። እዚያ ባርነት በሕግ ከቀረ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የኮነቲከት ፍርድም የኩባ ወራሽም አልደረሱበትም።