የእንጉዳይ ልማትና የዘሩ ቤት

በክረምት ወራት ዝናብ ከጣለ በኋላ በግጦሽ መስክና በዛፍ ግርጌ ጥላ ዘርግቶ ብቅ የሚለውን እንጉዳይ የማያውቅ የአገራችን ሰው አይገኝም። በብዙ ሥፍራ «የጅብ ጥላ» እያሉ ይጠሩታል። ልጆች በእግራቸው መትተውት ያልፋሉ፤ ትልልቆቹም እንዳይነካ ያስጠነቅቃሉ። አንድ ነገር ባንድ ጊዜ ሲበዛ ደግሞ «እንደ እንጉዳይ ፈላ» ይባላል። እንግዲህ በንግግራችን ውስጥ ይህን ያህል ሥፍራ ያገኘው ፍጥረት በማዕዳችን ላይ ሥፍራ ያጣው ስለ ምን ነው? ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ፥ ይልቁንም በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ላሉት ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፥ ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን።

አስቀድመን ግን የአባቶቻችንን ጥንቃቄ ከንቱ ፍርሃት ነው ብለን እንዳንንቀው ያስፈልጋል። በዱር ከሚበቅሉት እንጉዳዮች መካከል አንዳንዶቹ ገዳይ መርዝ አለባቸው። በአውሮፓ «የሞት ቆብ» በመባል የታወቀው ዓይነት የበላውን ሰው ወዲያው አያሳምመውም፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ከዚያም ሕመሙ የተሻለ መስሎ ጉበትን ያጠፋል። መርዙ ተቀቅሎም ሆነ ተጠብሶ አይጠፋም። ብር ካላጠቆረ ደህና ነው፥ ከብት የበላውን ሰው ቢበላው አይጎዳውም የሚባለውም ሁሉ እምነት የሚጣልበት መለያ አይደለም። በአገራችን ምዕራብ ደን ውስጥ የሚኖሩት መዠንገሮች ከዱር እየለቀሙ የሚበሉት፥ ዓይነቱን ከዓይነቱ የሚለይ የቆየ ዕውቀት ስላላቸው ነው። ያ ዕውቀት የሌለው ሰው ከሜዳ ለቅሞ ይብላ አንልም። እኛ የምንናገረው ዓይነቱ ታውቆ፥ ዘሩ ተመርጦ፥ በሰው እጅ በቤትና በጓሮ ስለሚበቅለው እንጉዳይ ነው።

እንጉዳይ እንደ ጎመንና እንደ ሽንኩርት ያለ አትክልት አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሊያዘጋጅ አይችልም፤ የሚኖረው የደረቀ ጭድን፥ እንጨትንና ሌላውን የተክል ትራፊ እየበላ ነው። ከላይ የምናየው ጥላ ፍሬው ሲሆን፥ ዋናው አካሉ በጭዱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋው ነጭ ክር ነው። ቻይናውያን በግንድ ላይ ማብቀል ከጀመሩ 1,000 ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። ፈረንሳውያን በ17ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ አካባቢ በፈረስ ፍግ ላይ ማልማት ጀመሩ፤ በኋላም ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣበትን የከርሰ ምድር ዋሻ የእንጉዳይ እርሻ አደረጉት። ዛሬ በእኛ አገር በይበልጥ የሚለማው ኦይስተር የተባለው ዓይነት ደግሞ በመጀመሪያ በሰው እጅ የለማው በጀርመን አገር፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፥ ምግብ በጠፋበት ጊዜ ነው። የችግር ልጅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህን ጉዳይ ስለ ጋይንትና ስለ ጎረቤቶቹ ያነሣንበት ምክንያት አለን። ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሸሎ ሸለቆ ያለው አገር ገደላ ገደልና ሸንተረር የበዛበት ነው። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸው የአገሩን ችግር ያስረዳል። አባት ያለውን ማሳ ለልጆቹ ሲያካፍል ድርሻው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበበ ይሄዳል፤ ድርሻ ያልደረሰውም ወጣት አገሩን ጥሎ ይሄዳል። እንጉዳይ ግን በሬና ማረሻ አይጠይቅም፤ ከቤቱ ጥግ ወይም ከጓሮው ዳስ የምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ትበቃዋለች። ከጓሮ እርሻ ሁሉ መሬት ለሌለው ሰው የሚስማማው ይኸው ነው።

ሥራውም እንዲህ ነው። ንጹሕና ሻጋታ ያልነካው የጤፍ፥ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ተመርጦ፥ ረጅሙ በአጭሩ ተቆርጦ በውሃ ይነከራል። ከዚያም ሌሎች ሻጋታዎች እንዳይቀድሙት እስከ ሁለት ሰዓት ያህል በትኩስ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ውሃው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ ይሁን እንጂ መንተክተክ የለበትም። ጭዱ ተጠንፍፎ ሲበርድ፥ በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ሲወጣው፥ ዘሩን በየድርቡ እየበተኑ በፕላስቲክ ከረጢት ይሞሉታል፤ ከረጢቱንም አሥረው በጥቂት ቦታ ይበሱታል። ከዚህ በኋላ ጨለማና ሞቅ ባለ ሥፍራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲቆይ ጭዱ በነጩ ክር ተወርሶ ጥጥ ይመስላል። የደጋው ሌሊት ብርድ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ከረጢቱን ከሰው መኖሪያ አጠገብ፥ ጭስ በማይደርስበት፥ ማኖር ይሻላል። ከነጣ በኋላ ግን ብርሃንና ንጹሕ አየር ይፈልጋል፤ ክፍሉም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ እየተረጨ ርጥበቱ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ የደጋው ቅዝቃዜ ጠላቱ ሳይሆን ወዳጁ ነው።

ፍሬው የጥላው ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ መለቀም አለበት። ከዘገየ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ዱቄት የሚረግፈው ብናኝም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ሰው ሳል ያስይዘዋል። ከአንድ ከረጢት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይለቀማል። ከ10 ኪሎ ደረቅ ጭድ፥ እንደ አያያዙ፥ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ሊገኝ ይችላል። በጋይንት አገር ጭድ የበሬ ቀለብና የጭቃ ቤት ማጠንከሪያ መሆኑን አንዘነጋም፤ ባለቤት የሌለው ጭድ የለም። ነገር ግን ለሙከራ የሚፈለገው አንድ ጆንያ ነው፤ ያም ቢሆን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ለጓሮው ጎመን መልካም ማዳበሪያ ሆኖ ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሥራ ማንም ባለ ጓሮ፥ ባልም ሆነ ሚስት፥ ሊሠራው ይችላል። ችግሩ ዘሩ ላይ ነው። የእንጉዳይ ዘር እንደ ጤፍ ከአውድማ ተዝቆ በጎታ የሚቀመጥ ፍሬ አይደለም። የተቀቀለ ስንዴ ወይም ማሽላ በጠርሙስ ተሞልቶ፥ በግፊት ማብሰያ በ121 ዲግሪ ሙቀት ከሕዋሳት ሁሉ ከነጻ በኋላ፥ ንጹሑ የእንጉዳይ ክር ተጨምሮበት የሚዘጋጅ ነው። አንዲት የሻጋታ ብናኝ ከገባችበት ጠርሙሱ ሁሉ ይበላሻል። ደግሞም ዘሩን ከዘር እየቀዱ ደጋግመው ሲያራቡት ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ወደ እናቱ፥ ማለት በቤተ ሙከራ ተጠብቆ ወደሚኖረው ንጹሕ ዘር፥ መመለስ ግድ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንዲሉ፥ ዘሩ ካልጠራ የገበሬው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

የጋይንት ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ የሚያስፈልገው አይመስለንም። ቤተ ልሔም በአገሩ አለችና። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ሰው፥ በየትም ደብር ቢማር፥ መምህር ለመባል ቤተ ልሔም ወርዶ ማስመስከር ልማድ ሆኖ ኖሯል። ዜማው በየአገሩ ሲዘራ ከቃሉና ከምልክቱ እንዳይጎድል፥ የጎደለውም እንዲታረም፥ የሚመለስበት አንድ ቤት ተጠብቆለታል። እዚያው ጋይንት ያለችው ዙር አምባም ለዝማሬና ለመዋሥዕት እንዲሁ ናት። ይህን ማለታችን የከበረውን ትምህርት ከጭድና ከሻጋታ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ አባቶቻችን ብዙ ደቀ መዛሙርት የሚወጡት ምንጩ በአንድ ቦታ በጥንቃቄ ሲጠበቅ መሆኑን ከእኛ በፊት እንዳወቁት ለማስታወስ ነው። እነርሱ ለዜማ ያደረጉትን እኛ ለእንጀራ ማድረግ ያቅተናልን?

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ለገበሬው ከረጢት ከማደልና ስብሰባ ጠርቶ ስለ እንጉዳይ ጥቅም ከመናገር በፊት የዘር ቤት ይቋቋም። በነፋስ መውጫ፥ በአርብ ገበያ፥ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች ካለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት ንጹሕ ክፍል፥ አንድ የግፊት ማብሰያ፥ ጥቂት ጠርሙስና የአልኮል መብራት ከተገኘ ሥራው ይጀመራል። እናቱን ዘር በአካባቢው ካሉት የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች፥ ወይም በዚህ ሙያ የቆየ ምርምር ካለበት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጠይቆ ማምጣት ነው። የሥነ ሕይወት መምህሩ ይመራዋል፤ ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን በእጁ ያየዋል፤ ገበሬውም ዘሩን ከቅርብ ያገኛል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ዘሩ ሁልጊዜ ከሩቅ ከተማ የሚጠበቅ ከሆነ፥ አንድ ቀን መኪናው ሲዘገይ ልማቱም አብሮ ይቆማል።

ሁለተኛው ሐሳባችን ወጣቱን የመንግሥት ሠራተኛ በቀጥታ የሚነካ ነው። የእርሻ ባለሙያው፥ መምህሩ፥ የጤና ሠራተኛው፥ በመጀመሪያ በተከራየበት ቤት ጥግ አንድ ሁለት ከረጢት ይስቀል። ደመወዝ ያለው ሰው ከረጢቱ ቢበላሽበት ቁርሱን አያጣም፤ ገበሬው ግን ያጣል። ስለዚህ ሙከራውና ኪሳራው በቅድሚያ የሚገባው ለተማረው ነው። ጎረቤትም የሚያምነው ንግግሩን ሳይሆን ድስቱን አይቶ ነው። በጾም ወራት በሽንኩርትና በበርበሬ ተቁላልቶ የቀረበውን የእንጉዳይ ወጥ የቀመሰ ሰው የጅብ ጥላ የሚለውን ስም ለመርሳት ጊዜ አይፈጅበትም። በደረቁ ሲመዘን ከአምስት እጅ አንዱ ያህል፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፥ ገንቢ ምግብ ስለሆነ፥ ሥጋና ወተት በማይቀመስበት ወራት ከባቄላና ከምስር ጎን ሊሰለፍ የሚገባው ነው።

ገበያውንም በሚመለከት ወጣቶቻችን በባዶ ተስፋ እንዳይታለሉ እንመክራለን። ትኩስ እንጉዳይ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም፤ የገጠሩም ገበያ ገና አልለመደውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገበያ የራስ ጓዳ፥ ሁለተኛው ጎረቤት ይሁን። የተረፈው ተሰንጥቆ በፀሐይ ይድረቅ፤ 10 ኪሎው ትኩስ ወደ 1 ኪሎ ያህል ይወርዳል፤ ርጥበት ካልደረሰበትም ለወራት ተቀምጦ ወደ ከተማ ለመላክ ይመቻል።

እንጉዳይ ብቻውን የጋይንትን ችግር ያስወግዳል የሚል እምነት የለንም፤ የተራቆተውን ተራራ በደን፥ የተጎዳውን ማሳ በእርከን መጠበቅን አይተካም። ነገር ግን መሬት የሌለው ወጣት ሊጀምረው የሚችል፥ ትምህርትንና የእጅ ሥራን የሚያገናኝ ሥራ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። ትምህርት ቤቱ ዘሩን ይጠብቅ፤ ወጣቱ ሠራተኛ ይሞክር፤ ባለ ጓሮውም ያልማ። የዘር ቤቱን ክፍል ለመጥረግ የሚነሣ መምህርና ተማሪ ከተገኘ፥ የቀረው ከአንድ ጆንያ ጭድ የሚበልጥ አይደለም።