ዓሣ አርቢ መሆን ያሳፍራልን?

በደሴ ከተማ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ምን ለመሆን እንደሚያስብ ቢጠየቅ፣ የቢሮ ወንበር ይጠራል እንጂ የዓሣ እርባታ ባለሙያ መሆንን አያነሣም። አንድ ጓደኛዬ ይህን አሳቡን ቢገልጽ፣ «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኸው?» ተብሎ ተሣቀበት።

ነገር ግን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚሰጥበት ይህ ሙያ ብርቱ ዕውቀት የሚጠይቅ ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ደኅና አድርጎ የሚያድገው ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ውሃ ነው። ስለዚህ በብርዳማው ደሴ ኩሬ ቢቆፈር ዓሣው ቀጭጮ ይቀራል፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ግን ተስፋው የተሻለ ነው። ወንዴውና ሴቴው ባንድነት ቢለቀቁ ያለ ልክ ይራባሉና ኩሬው በደቃቅ ዓሣ ይሞላል። ዓሣው የሚተነፍሰው አየር በውሃው ውስጥ እጅግ የሚያንሰውም ሊነጋ ሲል ስለሆነ፣ ባለሙያው በዚያ ሰዓት ከኩሬው ዳር መገኘት አለበት።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ባሕር ውስጥ ቆሮሶ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ ነው፤ አጥማጆችም ይተዳደሩበታል።

እንግዲህ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ኩሬ ማስቆፈር ለሪፖርት ያምራል፤ ተመልካች የሌለው ኩሬ ግን የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ከቁፋሮው በፊት ባለሙያውን መድቡ፤ ደመወዙንም በበጀት ያዙለት። እናንተም ተማሪዎች፣ ሱሪያችሁን ሰብስባችሁ ወደ ውሃው ለመግባት አትፈሩ። ጭቃ ይታጠባል፤ ያለ ሥራ ያለፈ ወጣትነት ግን አይመለስም።