ለባሽ ሲያዝ

ስለ ልብስ ለውጥ ሲወራ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ቅርጹ ነው። ሱሪው ጠበበ፣ ሰፋ፤ ቀሚሱ አጠረ፣ ረዘመ እንላለን። እኔ ግን ባለፉት አስር ዓመታት ከቅርጹ ይልቅ የተለወጠው ምን እንልበስ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው ባይ ነኝ። ይህን ሐሳብ ይዤው ቆይቻለሁ፤ ያፀናልኝ ግን ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ነው።

የአዲስ አበባን በረራ የሚጠብቅ መንገደኛ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አያጣም። ጺማቸውን ሂና ያስነኩ ሽማግሌ ሶማሌዎች ማካዊስ የሚሉትን ሽርጥ ታጥቀው፣ ከላይ ኮት ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ከለንደን የመጣ የሚመስል የልጅ ልጅ ሰፊ ጅንስና ሁዲ ለብሶ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እናቶቹ ዲራክ ለብሰው ጋርባሳር ደርበዋል፤ ወጣቶቹ ሴቶች አባያ ናቸው። ጥግ ላይ ደግሞ ለሥራ መጥተው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የእኛ ልጆች አሉ። ሀርጌሳ ውስጥ በፀጉር ቤት፣ በምግብ ቤት፣ በግንባታ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ልብስ በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኘው እንዲያው አይደለም።  በ1988 (እ.ኤ.አ.) የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ከዚሁ ማኮብኮቢያ እየተነሱ ራሷን ሀርጌሳን ደብድበዋታል። ከተማ መካከል ላይ የቆመው የሚግ ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ በጅግጅጋ አቅጣጫ የሚገኘው የሀርትሼክ መጠለያ በጊዜው በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ። ከዚያም ብዙው ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካ ተበተነ። ዛሬ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ልጆቻቸው ከለንደን፣ ከሚኒያፖሊስና ከቶሮንቶ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዘው ይመለሳሉ። አየር ማረፊያው በኩዌት ድጋፍ ታድሶ በ2013 ዳግም ሲከፈት፣ ፍላይዱባይም በ2015 በረራ ሲጀምር፣ ሀርጌሳና የዱባይ ገበያ ይበልጥ ተቀራረቡ። ያለፈው አስር ዓመት የሀርጌሳ ፋሽን በአብዛኛው በዚህ በር የገባ ነው።

ዲራክን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ሰፊ፣ ረጅም፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀሚስ ነው። ከሥሩ ጎጎራድ የሚባል ባለ ጌጥ የውስጥ ቀሚስ ይለበሳል፤ የዲራኩ ጫፍ በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ ተደርጎ ሲሻጥ የጎጎራዱ ጌጥ ብቅ ይላል። ከላይ ጋርባሳር ይደረባል። በሠርግ ቀን ሴቶች በዲራክ ተሰልፈው ሲገቡ ላየ ሰው የሚረሳ አይደለም። ከዲራክ በፊት በስፋት ይለበስ የነበረው በአንድ ትከሻ ላይ የሚቋጠረው ጉንቲኖ ነው። ዛሬ በባህል ዝግጅት ላይ ካልሆነ በቀር ብዙም አይታይም።

የዲራክ ጨርቅ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ከሕንድ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ አሁን ደግሞ ከቻይና። ሶማሌዎች ሸማኔ አጥተው አይደለም። የሞቃዲሾና የቤናዲር ዳርቻ ሸማኔዎች በጥጥ ሥራቸው ለዘመናት የታወቁ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን በዛንዚባር በኩል የገባው መሪካኒ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ጨርቅ ነው ገበያቸውን የተሻማው። ቢሆንም ዲራክን ያየ ሰው ሁሉ የሶማሌ ልብስ ነው ይላል እንጂ የሕንድ ወይም የቻይና አይለውም። ለምን?

መልሱን በከፊል ያገኘሁት አጠገቤ ከተቀመጠች የድሬዳዋ ነጋዴ ነው። የድሬ ልጅ ስለሆነች አንቱታ አታውቅም፤ ገና ሰላም ሳንባባል በአንተ ጀመረች። ዲራክ ከሀርጌሳ ወስዳ ትሸጣለች፣ የሐበሻ ቀሚስም ትነግዳለች።

«የሶማሌ ሴት አንዴ ጨርቁን በጣቷ ካሸችው በኋላ ምን ብትላት አትታለልልህም አቦ» አለችኝ። «ይሄ አበባ ተልቋል፣ ይሄ ቀለም ደምቋል፣ ጨርቁ ይቅለል ትላለች። ነጋዴው ያንን ይዞ ዱባይ ይሄዳል፣ ጓንዡ ይሄዳል። ፋብሪካው እሷ ያለችውን ካልሠራ ዕቃው ይዞበት ይቀራል።»

«የሐበሻ ቀሚሱስ?» አልኳት።

«እሱማ የመጣውን ነው የምንሸጠው። ማን ጠየቀን?»

ይህች «ማን ጠየቀን» ከብዙ ጥናት ይልቅ አስረዳችኝ። ዲራክ ከሩቅ ቢመጣም ታዞ የሚመጣ ልብስ ነው፤ የምታዘውም ለባሿ ናት። አባያም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በሶማሌ ከተሞች አባያና ጅልባብ ሲስፋፉ ጥቁሩ ነበር የሚበዛው። አሁን አዳራሹ ውስጥ ግራጫ፣ የቡና ዓይነት፣ አረንጓዴ ቡራቡሬ አባያ ይታያል፤ ከፊት ክፍት ሆኖ ከውስጡ ሰፊ ሱሪ የሚለበስበትም አለ። የዓለም ፋሽን ወደዚህ የዞረው ዘግይቶ ነው። ናይኪ ለስፖርተኞች የሠራውን ሂጃብ ለገበያ ያቀረበው በ2017 ነው። ካኩማ መጠለያ ውስጥ ተወልዳ ሚኒሶታ ያደገችው ሶማሊያዊት ሞዴል ሀሊማ አደን በ2016 በሚኒሶታ የቁንጅና ውድድር በሂጃብ ቀረበች፤ በ2018 ደግሞ ሂጃብ ለብሳ የብሪቲሽ ቮግ ሽፋን ላይ ወጣች። በ2020 መጨረሻ ሥራው ከእምነቷ ጋር እንዳልተስማማላት ተናግራ ትታ ወጣች። ያቺ ልጅ ስትገባም ስትወጣም ልኩን የወሰነችው ራሷ ናት፤ ለዚህም አከብራታለሁ።

ወደ እኛ ልመለስ። አስር ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ የአዲስ አበባውን የባህል ልብስ ገበያ ሽሮ ሜዳን ሳስታውስ፣ ወሬው ሁሉ መነን ነበር። ለስለስ ያለ፣ ቶሎ የማይጨማደድ የሽመና ጨርቅ ስለነበር ወጣት ሴቶች ወደዱት። ዲዛይነሮቹ ቀሚሱን አሳጠሩት፣ ጀርባውን ከፈቱት፣ ጥለቱን ከጫፍ አንስተው ደረት ላይና ወገብ ላይ አመጡት። በየፋሽን ትርኢቱ የአገር ጥጥ መድረክ አገኘ። የጋሞ ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ኮት ሆነ፣ ሸሚዝ ሆነ፣ ቦርሳ ሆነ። የዓድዋ በዓል የራሱን ልብስ አወጣ፤ ኢሬቻም እንዲሁ፤ አሸንዳም እንዲሁ። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለገና ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ዓይነት ጥለት ማሠራት ልማድ ሆነ። ይህን ሁሉ እንደ በጎ ነገር ነው የማየው። ለዓመት በዓል ብቻ ከሳጥን ይወጣ የነበረ ልብስ ወደ ሰርክ ኑሯችን ቀረበ።

ከዚያ ሽፎኑ መጣ። መጀመሪያ ጨርቁ ሽፎን ሆኖ ጥለቱ በማሽን የተጠለፈ ነበር። ቀጥሎ ጥለቱም ታተመ። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሸማኔ ያልነካው «የሐበሻ ቀሚስ» በሜትር ይሸጣል። ሸማኔዎች ደጋግመው የሚያሰሙት ቅሬታም ይኸው ነው። አዲስ ጥለት አውጥተው ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ይለጥፋሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ጥለት ታትሞ በጥቅል ይገባል። አንዱን ጥለት ለማውጣት ሳምንታት ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የተቀመጠው ሰው ከዚያ ሽያጭ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም።

እንዲህ ያለ ፈተና ሲገጥመን የመጀመሪያችን አይደለም። ሞቃዲሾን የጎዳው ያ የአሜሪካ ጨርቅ እኛ ዘንድ አቡጀዲድ ተብሎ ገብቷል፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ከዋና ዋና የገቢ ዕቃዎቻችን አንዱ ነበር። ሸማኔው ግን አልጠፋም። ያዳነው ጥለቱ ይመስለኛል። አቡጀዲድ ሜዳ ጨርቅ ነው፤ ለዘወትር ይሆናል፣ ለክት አይሆንም። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ የግድ ወደ ሸማኔው መሄድ ነበረብን። የዛሬው ሽፎን ከአቡጀዲድ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። የመጣው ጥለቱን ራሱን ሊወስድ ነው፤ የሸማኔውን የመጨረሻ ምሽግ።

ሽፎን የምትገዛዋን ልጅ አልወቅስም። ደመወዟ የሚችለው ያንን ነው። ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። የሽመና ቀሚስ ይከብዳል፣ ነጭ ስለሆነ ይቆሽሻል፣ ዋጋውም ከዓመት ዓመት ይንራል። ሀርጌሳ ሙቀት ውስጥ የምትሠራ እህታችን ቀላሉን ጨርቅ ብትመርጥ ምን ይገርማል? ቅሬታዬ ወደ ላይ ነው፤ ጥጡን ቀላልና ርካሽ አድርጎ ማቅረብ ሲቻል ያንን ሥራ ወዳልሠሩት።

ደግሞም ፋብሪካ አጥተን አልነበረም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2016 ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ገብተው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ሸሚዝና ሱሪ ሰፉ። ትልቁ ባለሀብት፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ በ2021 መጨረሻ ለቅቆ ወጣ፤ ኢትዮጵያም ከጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች። በእነዚያ ዓመታት ሙሉ ጨርቁም፣ ንድፉም፣ ገዢውም የሌላ ሰው ነበር። ለዚያ ሁሉ ከወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ለሽሮ ሜዳ ቀጭንና ጥሩ የጥጥ ክር መፍተያ ቢውል ኖሮ ሽፎን እንዲህ ገበያውን ጠቅልሎ ባልያዘ ነበር። ሰው ሲያዘን እየሰፋን፣ የራሳችንን ልብስ ደግሞ ሌላ እንዲያትምልን ተውነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የዘወትር ልብሳችን ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። በሕግ የተከለከለው ልባሽ ጨርቅ፣ ሰው ሰልቫጅ ወይም ቦንዳ የሚለው፣ ከበርበራ ወደብና ከሀርጌሳ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ፣ በጅግጅጋ አድርጎ አዲስ አበባ ድረስ ሲገባ ኖሯል። የወጣቱ ሱሪ ሲጠብና መልሶ ሲሰፋ ያየነው በከፊል የአውሮፓ ወጣት ያወለቀው በቦንዳ ተጭኖ እየደረሰን ነው። ሌላው ከቲክቶክ ይመጣል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ጅንስ የትም አገር ጅንስ ነው።

ጥለት ግን የትም አገር ጥለት አይደለም፤ ባለቤት አለው። ባለቤትነትን ማስከበር ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቡና ስሞቻችንን ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን የንግድ ምልክት ለማድረግ ከ2005 ጀምሮ ተሟግተን ከስታርባክስ ጋር በ2007 ስምምነት ላይ ደርሰናል። ለቡና ስም ይህን ያህል የታገለ አገር ለጋሞና ለዶርዜ እጅ ዝም የሚልበት ምክንያት አይታየኝም። የጋና ሽመና የሆነው ኬንቴም በታተመ ጨርቅ ሲጠቃ ኖሯል፤ ጋናውያን ግን አልተቀመጡም፤ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ዝርዝር ላይ አስፍረውታል።

የሽሮ ሜዳ ማኅበራት፣ የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱና የባህል ሚኒስቴር ተቀምጠው አንድ ምልክት ሊያወጡ ይችላሉ፦ በእጅ የተሸመነ፣ የት ተሸመነ፣ ማን ሸመነው የሚል፣ በቀሚሱ ውስጥ የሚሰፋ ትንሽ ጨርቅ። ሽፎን መሸጡ አይከልከል፤ ሽፎን መሆኑ ግን ይነገር። ገዢ ለይቶ ይግዛ።

እስከዚያው ድረስ ጉዳዩ በእጅሽ ነው፣ እህቴ፤ በእጅህም ነው፣ ወንድሜ። ለመጪው በዓል ሱቅ ስትገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ማን ሠራው? በእጅ ነው በማሽን? ሻጩ ካላወቀ ወደሚያውቀው ሂዱ። አቅም ከሌላችሁ ቀሚሱ ቀርቶ አንዲት ነጠላ ከሸማኔው ግዙ፤ ጨርቁ ከከበደባችሁ ይቅለል በሉት፣ ቀለሙ ካልጣማችሁ ይለወጥ በሉት። የሀርጌሳ ሴት የጓንዡን ፋብሪካ ካዘዘች፣ እኛ ሽሮ ሜዳ ያለውን ወንድማችንን ማዘዝ አያቅተንም።