«ሊበራል ነህ ወይስ ወግ አጥባቂ?» ለምትሉኝ

ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ስለ ተማሪዎች ደንብ ልብስና ስለ ሰዓት አክባሪነት አንድ ነገር ለጥፌ ነበር። ከሥሩ አንዱ «ቲቸር ለካ ወግ አጥባቂ ነህ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በፊት ስለ እስርና ስለ ፍርድ ቤት የጻፍኩ ጊዜ ደግሞ ሌላዋ «አንተም ሊበራል ሆንክ እንዴ?» ብላኝ ነበር። ሁለቱም የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የገረመኝ ግን ሁለቱም ቃሉን የተጠቀሙበት እንደ ስድብ መሆኑ ነው። በአንድ መስመር መልሼ ከማልፈው በደንብ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ከቃላቱ እንጀምር።

እነዚህ ቃላት እኛ አገር የገቡት በሰላም አይደለም። በደርግ ጊዜ «አድኃሪ» የሚለው ቃል ሰው ያስገድል ነበር። በ1969 እና በ1970 «ተራማጅ» መባልና «አድኃሪ» መባል የሐሳብ ልዩነት ብቻ አልነበረም፣ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ኢሕአዴግ ሲመጣ ደግሞ ተራው የሊበራሉ ሆነ። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ታስታውሳላችሁ፤ ቴሌቪዥኑ «ኒዮሊበራል» ሲል በመዝገበ ቃላት ያለውን ትርጉም አይደለም፤ «ከውጭ ኃይል ጋር የቆመ» ማለቱ ነበር። አብዮታዊ ዴሞክራሲ ትክክል፣ ሌላው ጥገኛ። በስብሰባ ላይ የሰማነውን ቃል እቤታችን ድረስ ይዘነው ገባን።

ስለዚህ ዛሬም አንድ ሰው «ሊበራል ነህ ወይስ ወግ አጥባቂ?» ሲባል «ምን ታምናለህ?» ተብሎ የተጠየቀ አይመስለውም፤ «የማን ወገን ነህ?» የተባለ ነው የሚመስለው። እኔ ዛሬ መመለስ የምፈልገው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ፈረንሳይ ነው ይባላል። በአብዮቱ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 1789፣ በምክር ቤቱ ውስጥ የንጉሡን ሥልጣን የሚደግፉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ ለውጥ የሚፈልጉት በስተግራ ተቀመጡ። ቀኝና ግራ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በዓመቱ ኤድመንድ በርክ የሚባል ፖለቲከኛ በለንደን ስለዚያ አብዮት መጽሐፍ ጻፈ፤ ወግ አጥባቂዎች እንደ አባታቸው የሚያዩት እሱን ነው። ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ አንድ ኅብረተሰብ በብዙ ትውልድ የተሠራ ቤት ነው፤ አንድ ትውልድ ብልጥ ነኝ ብሎ በአንድ ሌሊት ካፈረሰው መልሶ መሥራቱ አይሆንለትም። ሊበራሎች ደግሞ ጆን ስቱዋርት ሚልን ያነሳሉ። በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ማስገደድ የሚቻለው ሌላውን እንዳይጎዳ ሲባል ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። «ለራስህ ጥቅም ነው» ተብሎ ሰው አይገደድም ማለቱ ነው።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም የተማሩ፣ አገራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሰይጣን ሌላው መልአክ አይደለም።

ደግሞ ቃሉ አገር ሲቀይር ትርጉሙም ይቀየራል። አሜሪካ «ሊበራል» ሲሉ ወደ ግራ ያዘነበለውን ነው። አውስትራሊያ ሂዱና ደግሞ ሊበራል ፓርቲ የሚባለው ዋናው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ነው። ጃፓንም ለአሥርት ዓመታት አገሪቱን የመራው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ስሙ ላይ «ሊበራል» የሚል አለበት። ታዲያ ቨርጂኒያና ዴንቨር ያላችሁ ልጆቼ በአሜሪካ ምርጫ መነጽር እኔን ስታዩኝ ግራ ብትጋቡ አይገርምም። የእናንተው ጓደኞች ራሳቸው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም አርብ መስጊድ ሲሆኑ ወግ አጥባቂ ናቸው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወሬ ሲነሳ ሊበራል ይሆናሉ። አልፈርድባቸውም። ሰው እንዲህ ነው።

እሺ፣ ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ ወግ አጥባቂ መሆን አንድ ትልቅ ችግር አለበት፦ ምኑን ነው የምታጠብቀው?

ቁጠሩት። ሕገ መንግሥት በ1923፣ ከዚያ በ1948፣ ከዚያ በ1980፣ ከዚያ በ1987። በ64 ዓመት ውስጥ አራት። እያንዳንዱ መንግሥት ሲመጣ ባንዲራውን፣ መዝሙሩን፣ የመማሪያ መጽሐፉን፣ የክፍለ ሀገሩን ካርታ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሌላ አገር መንግሥት ወግ አጥባቂ ሆኖ ሕዝቡ ለውጥ ሲጠይቅ ታያላችሁ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አብዮተኛው መንግሥት ነው፤ ወግ አጥባቂው ገበሬው፣ ነጋዴው፣ እናትህ ናት። ለውጡን ለመሸከም ጀርባውን የሚሰጠውም እሱ ነው።

ይሄን ከክፍል ሆኜም አየዋለሁ። እኛ በፕላዝማ የተማርን ልጆች ነን። መምህሩ ጥግ ቆሞ፣ ከቴሌቪዥኑ የሚመጣው እንግሊዝኛ በፍጥነት እያለፈ፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ እየጠፋ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ ትውልድ በሱ ተለየ፤ ከዚያ ቀረ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀየረ፤ መጽሐፉ ግን ተማሪው እጅ ሳይገባ ዓመቱ አለቀ። እያንዳንዱ ለውጥ ሲታወጅ ጥሩ ምክንያት ነበረው። ማንም ግን ቆም ብሎ «የበፊቱ ምኑ ሠርቶ ነበር?» ብሎ የጠየቀ አላየሁም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዓመቱ 3.2 በመቶ። ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ፤ ፈተና ፈተና መሆን አለበት። ግን ያ ቁጥር የልጆቹ ብቻ ውጤት አይደለም፤ የላያቸው ላይ የሞከርናቸው ለውጦች ሁሉ ውጤት ነው።

ስለዚህ በዚህ በዚህ ወግ አጥባቂ ነኝ። «አዲስ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አያሳምነኝም።

በሌላም ነገር ወግ አጥባቂ ነኝ። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ሽምግልና። እነዚህን ማንም ሚኒስቴር አላቋቋማቸውም። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር አሰልፎ፣ ወጥ ሠርቶ፣ ሦስት ቀን አብሮህ የሚቀመጠው መንግሥት አይደለም፣ ዕድርህ ነው። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከባንክ ብድር የማላገኘውን ሰውዬ ፍሪጅ ያስገዛኝ ዕቁብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ አንቀጽ 34 ላይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። «ኋላ ቀር» ብሎ እነዚህን የሚንቅ ምሁር ሲያጋጥመኝ፣ አባቱ የሞቱ ቀን ማን እንደቀበራቸው እጠይቀዋለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን።

መንግሥት ሰውን ሲይዝ ሊበራል ነኝ፣ ያውም አክራሪ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለው የአንቀጽ 19 ድንጋጌ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። «ወንጀለኛ ከሆነስ?» ትሉኛላችሁ። ወንጀለኛ ከሆነማ ዳኛው ፊት ይባልለት! ያ ሕግ የተጻፈው ለምንወደው ሰው አይደለም፤ ለምንጠላውም ጭምር ነው። ዛሬ ያልወደድከው ሰው ላይ ሲጣስ ዝም ካልክ፣ ነገ ወንድምህ ላይ ሲጣስ የምትጠቅሰው አንቀጽ የለህም።

በሴት ልጆች ጉዳይም ሊበራል ነኝ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ወንዱ ግን 18። የቤተሰቡ አለቃም ባል ነው ይል ነበር። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፣ የባል አለቅነቱንም አስቀረ። ይሄ ለውጥ «ባህላችንን ነካ» ተብሎ ብዙ ተብሎበታል። እኔ ግን አንድ ሰኞ ወንበሯ ባዶ የሆነች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አይቻለሁ። ደብተሯ እኔ ጋ ነበር፤ ላርመው ወስጄው። ሒሳብ የምትወድ ልጅ ነበረች። ባህል ነው ብሎ ማንም አያሳምነኝም።

«ታዲያ ቲቸር፣ እንደፈለግክ እየመረጥክ አይደል?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ደህና ጥያቄ ነው። ደመ ነፍስ ብቻ እንዳይሆን አንድ መለኪያ አለኝ፤ «መውጫ በር» እለዋለሁ።

ዕድሩ ባይመቸኝ እለቃለሁ። ዕቁቡን ዙሩ ሲያልቅ እተወዋለሁ። ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ካልጣመኝ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። በር አለው፤ በር ያለውን ወግ አትንኩት እላለሁ። የ14 ዓመቷ ልጅ ግን በር የላትም። የታሰረው ሰው በሩ ቃል በቃል ተቆልፎበታል። በር በሌለበት ቦታ የግለሰቡ ጠበቃ ነኝ። አስገዳጁ መንግሥት ይሁን፣ ጎሳ ይሁን፣ አባት ይሁን፣ ለእኔ ልዩነት የለውም።

ሁለቱን ሐሳቦች የሚያገናኛቸውም ይሄው ይመስለኛል። በርክ የፈራው «ሁሉን አውቃለሁ» ብሎ አገር የሚያፈርስ ብልጥ ቡድንን ነው። ሚል የፈራው «ሁሉን አውቃለሁ» ብሎ የሌላውን አፍ የሚዘጋ መንግሥትንና ብዙኃንን ነው። እኛ ሁለቱንም ቀምሰናል፤ አንዳንዴ በአንድ ላይ።

በጣም የሚከብደኝን ልንገራችሁ፦ መሬት። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ፤ የደቡብ ጭሰኛ ከባለ መሬቱ ነጻ ወጣ። ይሄ ታሪካዊ ፍትሕ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ያው አዋጅ ሰሜን ላይ ርስቱን ከአያቱ የወረሰውንም ገበሬ በአንድ ቃል ባለ ይዞታ ብቻ አደረገው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ሊበራሉ «ገበሬው የራሱ ካልሆነ እንዴት ነጻ ይሆናል?» ይላል። የሌላው ወገን መልስም ቀላል አይደለም፤ «አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣ ሸጦ ከተማ ለልመና ይሰደዳል» ይላል። አጎቴን ጠየቅኩት፤ ገበሬ ነው። «ብሸጥ ልጆቼ ምን ይበላሉ? አልሸጥም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ካልሸጥኩት የኔ፣ መንግሥት ሲፈልገው የሱ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?» አለ። በርክም ሚልም በአንድ ሽማግሌ አፍ ተናገሩ። የእኔ አቋም፦ ከሁሉ በፊት ያለ ፈቃዱ መነሣቱ እንዲከብድ፣ ካሣው እውነተኛ እንዲሆን፣ ይግባኙ እንዲሰማ፤ የመሸጥ መብቱን ደግሞ ገበሬው ራሱ ተጠይቆ፣ ቀስ ተብሎ። አቅጣጫው ሊበራል፣ ፍጥነቱ ወግ አጥባቂ።

የብሩ ነገርም እንደዚያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የሐሳቡን ትክክለኛነት ኢኮኖሚስቶች ይሟገቱበት። እኔ የማውቀው ዘይቱና ጤፉ በገበያ ፍጥነት ሲሄዱ የተቀጣሪው ደመወዝ በእግሩ መከተሉን ነው።

እኔ ያስተማርኳችሁ ሲቪክስ ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ 11 እሴቶች ነበሩ። የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፤ እነዚህን ሊበራሉ ያቅፋቸዋል። አገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ፤ እነዚህ ደግሞ ወግ አጥባቂው ቤቱ ያሳደጋቸው ናቸው። አንድ መጽሐፍ ውስጥ ተጋጭተው አያውቁም፤ የተጋጩት እኛ ቡድን ስንመሥርትባቸው ነው።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ራሴ ማውራት አምሮኝ አይደለም። አሁን ክፍል ውስጥ «የአንተስ አስተያየት?» ብዬ ስጠይቅ ልጆቹ ወደ ጓደኛቸው ነው የሚያዩት። መልሱ ጠፍቷቸው አይደለም፤ «እንዲህ ካልኩ የማን ወገን እባላለሁ?» ብለው ነው። የ16 ዓመት ልጅ ሐሳቡን ከመናገሩ በፊት ስም እንዳይወጣለት ከፈራ፣ ሊበራልም ወግ አጥባቂም አይሆንም። ዝም ያለ ሰው ነው የሚሆነው። ዝም ባለ ትውልድ ላይ ደግሞ ማንም እንደፈለገ ይጫወታል።

እንግዲህ መልሴ ይሄው፦ ለዕድር ወግ አጥባቂ፣ ለእስር ሊበራል ነኝ። የማትስማሙ ከሥር ጻፉ፤ በተለይ በመሬቱ ጉዳይ። «አንተ እኮ እንትን ነህ» የሚል ኮሜንት ግን መልስ አያገኝም። «እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ ምክንያቱም…» የሚለው ያገኛል። ክፍል ውስጥ የነበረው ሕግ እዚህም ይሠራል።

ሰላም ዋሉ።