በእናትህ ግቢ ሱቅ መክፈት ለምን ክልክል ይሆናል?

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። የማወራው ስለ ከተማ ፕላን ነው። ስሙን ስትሰሙ እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ፤ የቤት ኪራያችሁም፣ ሥራ አጥቶ የተቀመጠው ወንድማችሁም ጉዳይ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። የሚኖረው በዞናችን ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው፣ ስሙንም ከተማውንም አልጠራም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሞባይል ጥገና ተማረ። እናቱ ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ግቢ አላቸው። አጥሩን ሦስት ሜትር ያህል ከፍቶ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ በር አውጥቶ ሊሠራ አሰበ። ንግድ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ "ቦታው ለመኖሪያ ነው፣ የአገልግሎት ለውጥ አስፈቅድ" ተባለ። ለውጡን ሊያስፈቅድ ሲሄድ ደግሞ "ፕላኑ አይፈቅድም"። ሱቅ ተከራይቶ ሞከረ፤ ኪራዩ ከገቢው በለጠና ዘጋ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ይሠራል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጃንጥላውን አጥፎ ይሮጣል።

እስቲ ረጋ ብላችሁ እዩት። ልጁ በእናቱ ግቢ ቢሠራ አድራሻ ይኖረዋል፣ ግብር ይከፍላል፣ የማንንም መንገድ አይዘጋም። ደንቡ ከግቢው አስወጥቶ አስፋልት ዳር ጣለው፣ ከዚያ መልሶ "አስፋልት ዳር ምን ትሠራለህ" ብሎ ያሳድደዋል። አቦ ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ችግሩ የአንድ ሠራተኛ ክፋት አይመስለኝም። ሠራተኛው የሚያየው ካርታ ላይ ያለውን ቀለም ነው። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ (ቁጥር 574) ከተሞች በመዋቅራዊ ፕላን እንዲመሩ ያዛል። ፕላኑ ደግሞ መሬቱን ይከፋፍላል፦ ይሄ ለመኖሪያ፣ ይሄ ለንግድ፣ ይሄ ለአስተዳደር። የሊዝ አዋጁም (721/2004) ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው። ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል፤ ለንግድ ከአዲስ አበባ ውጭ 70 ዓመት። "ቅይጥ አገልግሎት" የሚባል ነገር አለ፣ አውቃለሁ። ግን በብዙ ከተማ ቅይጡ የሚፈቀደው ዋናው መንገድ ዳር ነው፣ እዚያ ደግሞ ፎቅ ሥራ ትባላለህ። ፎቅ መሥራት የሚችል ሰው ድሮም አልተቸገረም። ጓሮ ያሉት እናት ናቸው የሚቀሩት።

እኔ የፕላን ባለሙያ አይደለሁም፣ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ። ግን ዓይን አለኝ። ሐረር ጀጎል ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ግንቡ ውስጥ ያለው መሬት ወደ 48 ሄክታር ብቻ ነው። እዚያች ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ይነግዳል፣ ይማራል፣ ይሰግዳል። መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰፉበት ጎዳና ለከተማው መታወቂያው ሆኗል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይሄንኑ ከተማ ነው። ድሬዳዋም እንደዚያው ናት፦ ከዚራን የባቡር ኩባንያው በገመድ ለክቶ ቀጥ ያለ መንገድ አወጣለት፤ መጋላ ግን ቤቱም ሱቁም ተቃቅፎ ነው ያደገው። ገበያው የቱ ጋ ነው? መልሱን ታውቁታላችሁ።

ፕላን አያስፈልግም እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ጭሮን ራሷን (ያኔ አሰበ ተፈሪ) የቆረቆሯት በጨርጨር ገዥነታቸው ጊዜ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰውዬ ማለት ነው። ጨርጨርን ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን ግዛት ሊያደርጉ የተነሡ ሰው ስለነበሩ ከተማችን ገና ከጅምሩ በሐሳብ የተቆረቆረች ናት። ስለዚህ ፕላን የውጭ ነገር አይደለም። ጥያቄዬ ፕላኑ ምን ይከልክል፣ ምን ይፍቀድ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ። አዲስ መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ በተመደበ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ ክፍል ነው፤ ያንን ነው የሚያጣው። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ (1320) ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን አድርጓል፣ ጥሩ ነው፣ ለተከራይ ዋስትና ነው። ግን አዋጁ አንድም ክፍል አልሠራም። ክፍል የሚሠሩት ግቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በየከተማችን ሰፋፊ ግቢ አለ፣ ግማሹ ባዶ ወይ ባሕር ዛፍ። ባለቤቱ ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍል ልሥራ ሲል ወይ ለሁለት ልጆቼ ልክፈለው ሲል "ከስታንዳርድ በታች ነው" ይባላል። ከዚያስ? ልጆቹ ዳር ወጥተው ከገበሬ በእጅ ወረቀት መሬት ይገዙና በሌሊት የጨረቃ ቤት ይሠራሉ። ከተማው ውስጡ ባዶ ሆኖ በጫቱና በማሽላው መሬት ላይ ይለጠጣል፤ ውሃና መብራት ደግሞ ተከትሎ መሮጥ አይችልም። በቦኬ ጢቆም በበዴሳም ሰው ቤት ሲሠራ የሚያርፈው የሆነ ገበሬ ማሳ ላይ ነው፣ ሌላ መሬት ከሰማይ አይወርድም።

አንዳንዴ ይሄ ነገር የድሮ ልማድ ይመስለኛል። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ክፍል ሠርቶ ማከራየት ራሱ እንደ ወንጀል ተቆጠረ። አዋጁ አለፈ፤ ጥርጣሬው ግን ቢሮ ውስጥ ቀረ። ሰው በግቢው አንድ ክፍል ሲጨምር ዛሬም "ምን ሊያደርግ ነው?" ተብሎ ነው የሚታየው።

ሌላው አገር እንዴት አደረገው? ጃፓን ሕጓ ጥብቅ ነው፣ ግን እጅግ ጸጥተኛ በሚባለው የመኖሪያ ሰፈር እንኳ ከቤትህ ጋር የተያያዘ ትንሽ ሱቅ ይፈቅዳል፦ ከ50 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከቤቱም ግማሽ እንዳያልፍ። በቃ። ማንንም አትለምንም። አሜሪካ ሂዩስተን ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. መሀል ከተማው አካባቢ ዝቅተኛውን የቦታ መጠን ከ465 ገደማ ወደ 130 ካሬ ሜትር ገደማ አወረደች። አንድ ቤት በነበረበት ቦታ ሁለት ሦስት ቤት ተሠራ፣ እርሻ ሳይነካ።

የእኛም ሕግ ለዚህ ሐሳብ ባዕድ አይደለም። የ2001 የሕንፃ አዋጅ (624) ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፍሎ ትንሿን ባለ አንድ ወለል ቤት "ምድብ ሀ" ብሎ ለብቻዋ አስቀምጧል። ለትንሽ ቤት ትንሽ ጣጣ ማለት ነው። ለትንሽ ሱቅስ ለምን አይሆንም? ሆጃ የምትሸጥ ሴት፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ልብስ ሰፊ፣ የትምህርት ቤት ደብተር የሚሸጥ ልጅ "የአገልግሎት ለውጥ" ብሎ ስድስት ወር መመላለስ የለበትም። ካሬውን ወስኑ፣ ሰዓቱን ወስኑ፣ ከዚያ አስመዝግቦ ይክፈት።

ጎረቤትስ? የሚል አለ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ብየዳ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ፣ መጠጥ ቤት በመኖሪያ መሀል አይግቡ፤ ትምህርት ቤት አጠገብ በርጫ ቤት የሚከፍተውን እኔ ራሴ ቀድሜ ነው የምከሰው። ተራራ ለከበበው ከተማ ደግሞ የጎርፍ መውረጃ ላይ የሚሠራ ቤት በምንም ምክንያት መፈቀድ የለበትም። የመንገድ መስመርና የሽንት ቤት ጉድጓድ ርቀትም እንዲሁ። ማዘጋጃ ቤት ያለውን ጥቂት ሰው እዚህ ላይ ያሰማራ። አሁን ግን የእናቲቱን አጥር የሚለካው ሰው ጎርፉን የሚያይበት ጊዜ የለውም።

ፎቅ ለሚሠራው ብቻ የሚጠቅም ማሻሻያ ከመጣ ደግሞ እኔ የለሁበትም። የሚጠቀመው ደላላ ነው።

መዋቅራዊ ፕላን በየጊዜው ይከለሳል፣ ሲከለስም ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ይጠራል። ስብሰባው ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሽማግሌዎችና ባለ ፎቆች ናቸው፤ ተከራይ አይመጣም፣ ጃንጥላ ስር የሚሠራው ልጅም አይመጣም። ማዘጋጃ ቤት የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከጭሮ እስከ መቻራ እንዳላችሁ አውቃለሁ፦ የከተማችሁ ፕላን የሚከለሰው መቼ ነው? የሽንሸናው ዝቅተኛ ካሬስ ስንት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ስማችሁ እንዳይታይ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።